ትተኛለች እንጂ አታርፍም፦ ከጦርነት ስለተረፉ ልጃገረዶች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የእርስ በርስ ጦርነት መሀል አልፈው የወጡ ልጃገረዶችን የሚመለከቱ ናቸው። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያጋልጡ ዝርዝሮችን አውጥተናል፤ የሚመሳሰሉ ጥያቄዎችንም አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው። እናትና አባቷን ጦርነቱ ነጥቋት እኔ ዘንድ ከመጣች አራት ወር ሆናት። ቀን ቀን ሥራ ታግዘኛለች፣ ታዛዥ ናት፣ አታስቸግርም። ሌሊት ግን እየጮኸች ትነሣለች፤ አልጋዋንም ታረጥባለች። ስለደረሰባት ነገር እስካሁን ምንም አልተነፈሰችም። ጎረቤቶቼ «ሁሉንም ካልተናገረችው አይወጣላትም፤ ቁጭ አድርገሽ አውጣጫት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ አያውጣጧት። ልጅን አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስለፍለፍ እንደማይጠቅም ከታወቀ ቆይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን መሰሉን የአንድ ጊዜ ኑዛዜ አይመክርም። ትዝታው ሲነሣ ሰውነቷ ያን ሰዓት እንደ አዲስ ያልፍበታል፤ ልቧ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ያን ቀስቅሶ፣ እስኪበርድ አብሮ ቆይቶ፣ በወጉ መልሶ መዝጋት ሙያ ነው። ጎረቤት ቀስቅሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌሊቱን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት።

አፏን ይያዙባት ማለታችን ግን አይደለም። ራሷ ከጀመረች የያዙትን ሥራ አስቀምጠው ይስሟት። ብዙ ልጆች ወሬውን የሚጀምሩት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይሆን ዕቃ እያጠቡ ወይም መንገድ እየሄዱ ነው፤ ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ይቀላቸዋል። «ከዚያስ?» እያሉ አይግፏት። «እርሺው»፣ «ከአንቺ የባሰም አለ» አይበሏት። «ለምን አልሮጥሽም?»፣ «ለምን አልጮኽሽም?» የሚሉት ጥያቄዎች ደግሞ ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ልጅቷ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሷ ስትጠይቅ የከረመች ሊሆን ይችላል። «ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም» ካሏት ለዚያ ቀን ይበቃል።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። በመጀመሪያ የጩኸቱን ሰዓት ለአንድ ሳምንት በማስታወሻ ይያዙ፤ ስንት ሰዓት ላይ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ጠዋት ታስታውሰዋለች ወይስ አታስታውስም። ጩኸቱ እንቅልፍ በወሰዳት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ከሆነ፣ ዓይኗ ተከፍቶ እያለ እርስዎን ካላወቀችና ጠዋት ምንም ካላስታወሰች የሌሊት ድንጋጤ የሚባለው ነው። ያን ጊዜ አይቀስቅሷት፤ እንዳትወድቅ ብቻ ይጠብቋት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይበርዳል። ወደ ንጋት ከሆነና ነቅታ የምትናገር ከሆነ ግን ቅዠት ነው፤ የሚከተለው ለእሱ ነው።

ከላይዋ ቆመው አይነቅንቋት፤ ለእሷ የሚይዛት እጅ የማን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት አይለይም። በሩ ላይ ሆነው መብራት ያብሩ። ስሟን ዝግ ባለ ድምፅ ይጥሩና በአጫጭር ቃል ይንገሯት፦ «እኔ አክስትሽ ነኝ። ቤት ነሽ። በሩ ተቆልፏል። ከእኛ በቀር ማንም የለም።» ስትነቃ ተቀምጣ ሁለቱንም እግሯን ወለሉ ላይ ታሳርፍ። የምታያቸውን አምስት ነገሮች፣ የምትነካቸውን አራት፣ የምትሰማቸውን ሦስት፣ የምታሸታቸውን ሁለት፣ በአፏ የምትቀምሰውን አንድ ነገር እየጠራች ትቁጠርልዎ። ውሃ ይስጧት። ትንፋሽ ማስተካከሉ ከረዳት በአራት ቁጥር አስገብታ በስድስት ቁጥር ታስወጣ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ ግን አይበሏት፤ ለአንዳንድ ልጅ ወደዚያ ክፉ ጊዜ የሚመልሰው ጨለማው ነው። ጠዋት «ምን አይተሽ ነው?» ብለው ምርመራ አይክፈቱ።

አልጋ ማርጠቡን በተመለከተ አስቀድመው ሽንቷን ያስመርምሩ። ሲያቃጥላት፣ ቶሎ ቶሎ ሲያጣድፋት ወይም ሲያተኩሳት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከመጠን ያለፈ ጥማትና ክብደት መቀነስ ካለ የስኳር በሽታ መታየት አለበት። የሆድ ድርቀትም ፊኛን ተጭኖ ያስረጥባል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ውሃ አይከልክሏት፤ የቀኑን መጠን ከማታ ወደ ጠዋትና ቀትር ያዙሩት። ከመተኛቷ በፊት በግማሽ ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ትሂድ። ሽንት ቤቱ ውጪ ከሆነ ጨለማውን ፈርታ መቅረቷም ሊሆን ስለሚችል በክፍሏ የሽንት ዕቃ ያስቀምጡላት። ፍራሹን በፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ ቅያሪ አንሶላና ልብስ አልጋዋ ሥር ይኑር፤ ሲደርስባት ማንንም ሳትቀሰቅስ ራሷ ትቀይር። ለቤቱ ልጆች አይነገር፤ መቅጣት ነገሩን ያብሰዋል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበን ሌላም ነገር አለ፤ «ታዛዥ ናት፣ አታስቸግርም» የሚለው። የሚሰብር የሚጣላ ልጅ ሰው ያስደነግጣል፤ ሐኪም ጋም ቶሎ ይወሰዳል። ጭምቷ ግን ትታለፋለች። በጦርነት ሰውን አገልግላና አስደስታ የተረፈች ልጅ የምትተኛበትን አልጋ በጉልበቷ እየከፈለች እንደሆነ ልታስብ ትችላለች። የሥራ ድርሻዋን ከራስዎ ልጆች ጋር እኩል ያድርጉት፤ ትርፉን ቢያስጥሏትና ብታኮርፍም ይጽኑ። የመነሻው፣ የምግቡና የመኝታው ሰዓት አይለዋወጥ። ከቤት ሲወጡ የሚመለሱበትን ሰዓት ይንገሯት፤ ደግሞም በሰዓቱ ይመለሱ። ለእሷ የዘገየ ሰው የሞተ ሰው ነው።

ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ባለሙያ መታየት አለበት፤ እርስዎ አራት ወር ጠብቀዋል። የእንቅልፍ ኪኒን፣ በተለይ እንደ ዲያዜፓም ያለው፣ ለዚህ ችግር ለልጅ አይሰጥም። የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ሲሆን አሳዳጊዋም የሚካፈሉበት ዓይነት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ እየሆነ ከ8 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። በስደተኞች ጣቢያ ጭምር የተሠራበት አንዱ ዘዴ እንዲህ ነው፤ ልጅቷ ገመድ ወለሉ ላይ ትዘረጋለች፤ የገመዱ ጫፍ የተወለደችበት ቀን ነው። ለክፉው ጊዜ ድንጋይ፣ ለደጉ ጊዜ አበባ እያስቀመጠች ሕይወቷን በቅደም ተከተል ትደረድረዋለች። ከዚያ በየክፍለ ጊዜው አንድ ድንጋይ ተነሥቶ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተረካል፤ የጀመሩትን ድንጋይ መሀል ላይ ትቶ መነሣት የለም። ጎረቤቶችዎ ከሚሉት የሚለየው በዚህ ነው።

መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች፣ ራሷን ከጎዳች፣ መብላትና መጠጣት ካቆመች ወይም ማንንም የማትለይ ከሆነች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያድርሷት።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የ14 ዓመት ተማሪ ተቀበልን። ትምህርት ያቋረጠችው ሦስተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ስለሆነ አራተኛ ክፍል አስገባናት። ከ10 ዓመት ልጆች ጋር ሁለት ሳምንት ተምራ ቀረች። ክፍል ውስጥ በር ሲገጭ ትበረግጋለች፤ የነገርኳትም አንድ ደቂቃ አይቆይም።

መልስ፦ አራት ዓመት ከሚያንሷት ልጆች ጋር መቀመጥ ብቻውን ያስቀራል። ዕድሜያቸው ላለፈ ተማሪዎች የተፋጠነ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል በአካባቢዎ ካለ እዚያ ትግባ። ሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2002 ያበቃው ጦርነቷ በተገባደደበት ጊዜ የስድስት ዓመቱን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሦስት ዓመት የሚሸፍን ፕሮግራም የሠራችው ለእንዲህ ያሉ ልጆች ነው። ከሌለ በዕድሜ ወደሚቀርቧት ተማሪዎች ክፍል አስገብታችሁ ንባብና ሒሳብን በየቀኑ ለብቻ 45 ደቂቃ አስተምሯት።

ያቋረጠችበትን ክፍል አትመኑት፤ መዝኑ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። 60 ቃል ገደማ ያለው አንቀጽ ጮክ ብላ ታንብብ፣ በራሷ ቃል ትንገራችሁ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ትጻፍ። ከዚያ መበደር ያለበት ባለሁለት አኃዝ ቅነሳ፣ አንድ ማባዛት፣ አንድ ማካፈል። የት ላይ እንደቆመች ይታያል። የወረቀቱም ውጤት ፋይሏ ውስጥ ይቀመጥ፤ የቀድሞ ሰርተፊኬቷ ተቃጥሎ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ለጊዜው የምደባ ማስረጃ ይሆናታል። «ሰነድ ካላመጣሽ» ብሎ መመለስ ልክ አይደለም፤ ትምህርት በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 የተደነገገ መብቷ ነው።

መቀመጫዋ ጀርባዋ ለግድግዳ፣ ዓይኗ ለበሩ ይሁን። ጀርባዋን ለበር የሰጠች ልጅ ጆሮዋ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ላይ አይደለም። ከኋላ መጥታችሁ ትከሻዋን አትንኩ። የደወል ሙከራ ወይም ግንባታ ካለ አስቀድማችሁ ንገሯት። ሲጨንቃት ቃል ሳትናገር ዴስኳ ላይ የምታስቀምጠው ካርድ ይኑራት፤ ካርዱ ሲታይ ወደ ተወሰነ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ለአምስት ደቂቃ ትወጣለች፤ ማንም አይጠይቃትም። ትእዛዝ አንድ አንዱን ስጡ፤ ሰሌዳ ላይም ጻፉት። «ስለ ቤተሰቤ» የሚል ድርሰት ስታዝዙ ሁልጊዜ አማራጭ ርዕስ ጨምሩበት፤ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ፣ ለይታችሁ እንዳታሳጧት። ሽንት ቤቱ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑንና የወር አበባ መጠበቂያ እንዳላት ሴት መምህርት ትጠይቅ፤ ስንቱን የሥነ ልቦና ምክንያት ስንፈልግ መልሱ የመቀርቀሪያ መሰበር የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ስንሸሽ ከእናቴና ከ6 ዓመት ወንድሜ ጋር ተለያየን። አንድ ሰው ያሉበትን አውቃለሁ፣ ገንዘብ ላኪ ይለኛል። ፎቷቸውንም ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ አስቤያለሁ።

መልስ፦ አትላኪለት። የጠፋ ቤተሰብ የማፈላለግ ሥራን የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴና የየአገሩ ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ ማኅበራት በነፃ ይሠሩታል። ያለሽበት አገር የትም ይሁን፣ ቅርብሽ ያለው ቢሮ ሄደሽ ፋይል ማስከፈት ትችያለሽ። መጠለያ ጣቢያ ከሆንሽ እዚያ ያሉት የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ያገናኙሻል፤ ገና 18 ስላልሞላሽ አንቺ ራስሽም ከለላ የሚገባሽ ልጅ ነሽ።

ከመሄድሽ በፊት ይህን በወረቀት አስፍሪ። የእናትሽን ሙሉ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ ሰው የሚጠራትን የቤት ስም፣ የወንድምሽን የቁልምጫ ስም ሳይቀር። የስድስት ዓመት ልጅ ሲጠየቅ እናቱን «እማዬ»፣ ራሱንም በቁልምጫው ነው የሚናገረው፤ በመዝገብ ስሙ ብቻ ከፈለጋችሁት ጎናችሁ ቢሆን ታልፉታላችሁ። የተወለዱበት ቦታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻቸው የት እና መቼ፣ ወዴት አቅጣጫ ሲሄዱ፣ ምን ለብሰው፣ ከማን ጋር። ሌሎች ዘመዶቻችሁ የት የት እንዳሉ። የአካል ምልክት።

ከአካል ምልክቶቹ አንዱን ለቢሮው ብቻ ንገሪ፤ ሌላ ቦታ አታውጪው። አንድ ሰው «ወንድምሽን አግኝቼዋለሁ» ቢል ማጣሪያሽ እሱ ነው። ፌስቡክ ላይ የሕፃን ፎቶ ከነስሙና ከነጠፋበት ቦታ መለጠፍ ግን ወንድምሽን ለሚፈልጉት ሁሉ ማሳየት ነው፤ ከሚፈልጉት ውስጥ ደግ ያልሆነ አይጠፋም።

አድራሻቸው ከተገኘና ስልክ ከሌለ የቀይ መስቀል መልእክት መላክ ይቻላል። ይህ ያልታሸገ ደብዳቤ ነው፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። ስለ ጦሩ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ መንገዱ ሁኔታ አንድ መስመር ካለበት አያልፍም። ወንድምሽ ሲገኝ ወዲያው ካልሰጡሽ አትቆጪ፤ አንቺንም እሱንም ለየብቻ ጠይቀው መልሱን ያመሳክራሉ። ስልክ ወይም ቦታ ስትቀይሪ ደግሞ ቢሮው ሳይውል ሳያድር ይወቅ፤ የተገኘ ቤተሰብ ፈላጊው ጠፍቶ ፋይሉ ሊቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ቀኝ እግሯ በፈንጂ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ሰው ሠራሽ እግር ከተገጠመላት ስምንት ወር ሆኗል። በቅርቡ ማነከስ ጀመረች፣ ጫፉ ይቀላል፣ «አላደርገውም» ትላለች።

መልስ፦ እግሩ አጥሯታል ወይም ጠቧታል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ያስፈልገዋል፤ አዋቂ ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆይበታል። ስለዚህ ስምንት ወር ለእሷ ብዙ ነው።

ማጣራቱ ቤት ውስጥ ይቻላል። እግሩን አድርጋ ቀጥ ብላ ትቁም፤ እርስዎ ከኋላዋ ተንበርክከው ሁለቱን እጅዎን በዳሌ አጥንቶቿ ጫፍ ላይ ያሳርፉ። በቀኝ በኩል ዝቅ ካለ ደረጃው እኩል እስኪሆን ሰው ሠራሹ እግር ሥር ቀጭን ቀጭን ደብተር ይደርድሩ። የደብተሮቹ ውፍረት አንድ ሳንቲሜትር ከደረሰ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚህ ሁኔታ ከቀጠለች ጀርባዋ ሊጣመም ይችላል።

ቀጥሎ ያውልቁትና ቆዳውን ይዩ። በዐሥር ደቂቃ የሚደበዝዝ ሮዝ ቀለም ደንበኛ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላም ያልጠፋ መቅላት ግን ቦታው ያለቅጥ እየተጫነ መሆኑን ይነግራል። የተቆረጠው እግር ከስቶ ሶኬቱ (የተቆረጠው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ጎድጓዳ ክፍል) ውስጥ ወደ ታች ሰምጦ ከሆነ ጫፉና ከጉልበት ሎሚዋ ሥር ያለው ቦታ ይቀላሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ካልሲ መደረብ ይበቃ ይሆናል። ካልሲ ተደርቦም ካልተሻላት፣ ጫፉ ላይ ሹል ነገር በጣት ከተሰማ ወይም ቆዳው ከተወጠረ የአጥንቱ ማደግ ሊሆን ይችላል። በልጆች ላይ የተቆረጠ አጥንት ከቆዳው ቀድሞ ሊያድግ ይችላል፤ ካልታከመ ቆዳውን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያው ሳይሆን የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው የሚያየው። የቀረ የፈንጂ ስብርባሪ ካለም በራጅ ይታያል። ቆዳው ከተቀደደ እስኪድን አታድርገው።

እጥበቱ ማታ ይሁን፣ ለብ ባለ ውሃና ቀለል ባለ ሳሙና። ጠዋት ታጥቦ በእርጥቡ የገባ ቆዳ ያብጣል፣ ይላላጣል። የሶኬቱም ውስጥ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወልና እስኪነጋ ይድረቅ። ካልሲው በየቀኑ ይቀየር፤ ስፌቱ ወደ ጫፉ እንዳይዞር። ሳታደርገው ስትቀር እንዳያብጥ በላስቲክ ፋሻ ይታሰር፤ አጠቃለሉ በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ከጫፉ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ እየላላ ነው። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከተጠመጠመ ደም ያግዳል። ስትተኛ ከጉልበቷ ሥር ትራስ አያድርጉ፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀርና ሰው ሠራሽ እግሩ አይገባላትም። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ በሆዷ ትተኛ። አዲስ ጫማ ሲገዙ የተረከዙ ከፍታ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን፤ የእግሩ አቀማመጥ የተስተካከለው በዚያ ልክ ነው።

የሌለው እግሯ ሲያማት «የለም እኮ!» አይበሏት። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ጫፉን ማሸት፣ መስታወት በሁለቱ እግሮች መሀል አቁሞ የጤናማውን እግር እንቅስቃሴ በመስታወቱ እያዩ በቀን 15 ደቂቃ ማሠራት ብዙዎችን ረድቷል፤ ካልቀነሰ መድኃኒት አለው።

ጥያቄ፦ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። ታጣቂዎች ደፍረዋታል። ወር አልፎታል፤ የምታውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ሐኪም ጋ መሄዱ ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው። ሁለት መስኮቶች ተዘግተዋል፦ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰደው የኤችአይቪ መከላከያ እና በ120 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው የእርግዝና መከላከያ። የቀረው ብዙ ነው። የእርግዝና ምርመራ ዛሬውኑ ይሠራ። የኤችአይቪ ምርመራ አሁንና ድርጊቱ ከተፈጸመ ሦስት ወር ሲሞላ ይደገም። ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያ ምልክት ባይኖራቸውም ይመርመሩ፤ ሦስቱም በመድኃኒት ይድናሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰደች ትጀምር። ሽንት ወይም ሰገራ የሚያመልጣት ከሆነ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ አፍራ ዓመታት እንዳትደብቀው አሁኑኑ ይጠየቅ።

ሴት ሐኪም መጠየቅ፣ እርስዎን ይዛ መግባት፣ የምርመራውን የትኛውንም ክፍል «ይቅር» ማለት ትችላለች። «የድንግልና ምርመራ» የሚል ካለ እምቢ ይበሉ፤ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቀው እንዲቀር ጠይቀዋል። ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለሆነ በአንዳንድ አገር ባለሙያው የሰማውን ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ስሟን ከመናገራችሁ በፊት «የምንነግርዎ ወደ ማን ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለማን እንደሚነገርና እንደማይነገር እሷ ትወስን። ለእናትም ቢሆን ከእሷ ፈቃድ ውጪ አይንገሩ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። 13 ዓመቴ ላይ ታጣቂዎች ወስደውኝ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ቆየሁ። ልጅ ይዤ ተመለስኩ። ሰው «የእነሱ ሚስት» ይለኛል። አንድ ድርጅት ስፌት ላስተምርሽ ብሎኛል። ልግባ?

መልስ፦ ከስሙ እንጀምር። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን ለውጊያ መመልመል ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ባቋቋመው የሮም ስምምነት መሠረት የጦር ወንጀል ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነትም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጡት፣ ከታጣቂዎች ጋር የቆዩ ልጆችን የሚመለከቱት የፓሪስ መርሆዎች ደግሞ ምግብ አብሳይ፣ ዕቃ ተሸካሚ ወይም «ሚስት» ተብለው የተያዙ ልጃገረዶችንም ከታጣቂ ልጆች ይቆጥራሉ፤ አስቀድመው የሚታዩትም እንደ ተጎጂ ነው። ስለዚህ ትጥቅ ለፈቱ የተዘጋጀ ድጋፍ ካለ «መሣሪያ አላስረከብሽም» ተብለሽ አትመለሺ። በሴራሊዮን ብዙ ልጃገረዶች የቀሩት በዚህ ነው። እዚያው ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ የቀድሞ ልጅ ወታደሮችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት የማኅበረሰቡ መግፋት ጉዳቱን እንደሚያራዝም፣ መቀበሉ ደግሞ እንደሚያሽር አሳይቷል። መንደሩን በሙሉ ማሳመን አይጠበቅብሽም፤ የሚከበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች በአደባባይ ከጎንሽ ቢቆሙ ሌላው ይከተላል።

ልጅሽን በወሳኝ ኩነት አስመዝግቢ። አባት አለመታወቁ ምዝገባ አይከለክልም፤ ከተወለደ ጀምሮ የመመዝገብ መብት አለው። ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ስለ ስፌቱ፦ ከመግባትሽ በፊት ገበያውን ቁጠሪ። ለስንት ሰው አንድ ልብስ ሰፊ አለ? ስንቶቹ በቀን ሥራ ያገኛሉ? ድርጅቱ በአንድ ዙር 40 ሴት ካሠለጠነ ከስድስት ወር በኋላ 40 ተፎካካሪ አለሽ ማለት ነው። ሦስት ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ሥልጠናው ሲያልቅ መኪናው የእኔ ነው? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ልጄን በሥልጠናው ሰዓት ማን ይይዝልኛል? መልስ ከሌላቸው አስቢበት። ከሥልጠናው ጎን ለጎን የቁጠባ ቡድን ግቢ፤ ከ15 እስከ 25 ሰው፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ሦስቱ ቁልፎች ሦስት የተለያዩ ሰዎች ዘንድ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ቆጥቦ ማከፋፈል። ብድርም ይገኝበታል፤ ከዚያ በላይ ግን በየሳምንቱ ስምሽን በደንበኛ ስምሽ የሚጠራ ስብሰባ ይሆንሻል።

ጥያቄ፦ የማሳድጋትን ልጅ ታሪክ ለመቅረጽ ጋዜጠኞች መጡ። 13 ዓመቷ ነው፤ እሷ «እሺ» ብላለች።

መልስ፦ የእሷ «እሺ» እና የእርስዎ «እሺ» ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም ቢኖሩ ይበቃሉ ማለት አይደለም። ልጅቷ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር ተመልሶ እንደማይጠፋ በውል አልተረዳችው ይሆናል። በእኛ አስተያየት አሁን ይቅር። ካልቀረ ፊቷ፣ ስሟ፣ ድምፅዋ፣ የትምህርት ቤቷ ዩኒፎርምና የመኖሪያ ሰፈሯ አይታዩ፤ ጥያቄዎቹን አስቀድመው አንብበው የማይፈልጉትን ይሰርዙ፤ ጥቃቱን እንድትተርክ አትጠየቅ። የተቀረጸው ከመውጣቱ በፊት አይታው «ተውት» የማለት መብት እንዳላት በጽሑፍ ይፈርሙላችሁ። ፎቶ ከተነሣም የተነሣበትን ቦታ የሚያሳየው መረጃ ከምስሉ መውጣቱን ፊትዎ ላይ ያረጋግጡ።